የአሮጊት ስሞች ደብተር

ባለፈው ሳምንት ወደ ኖርስቦሪ በሚሄደው የስቶክሆልም ሜትሮ ቀይ መስመር ላይ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣ የዳቦ ከረጢቷን ፈታች። ዳቦው ኩሚን ያለበት ነው። ኩሚን እኛ ከምናውቀው ነጭ አዝሙድ ጋር የሚቀራረብ ቅመም ነው፤ ሽታው ግን ከበድ ይላል። ሴትዮዋ ገና አንዴ ሳትገምጥ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ብያለሁ። የምወርድበት ጣቢያ ገና ነበር። በሩ ጋ ቆሜ ብረቱን ከጨበጥኩ በኋላ ነው ምን እንዳስደነገጠኝ የገባኝ። የእማማ ዝላታ ወጥ ቤት ሽታ ነው። ይኸው ትልቅ ሴት ሆኜም ያ ሽታ ሲመጣብኝ አንድ ነገር አጥፍቼ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩ ይመስለኛል።

ጥፋቱን ያጠፋሁት አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሲል እናቴ፣ "ክረምቱን ታች፣ እማማ ዝላታ ጋር ነው የምትውይው" አለችኝ። እኔም ምንም ሳላንገራግር እሺ አልኩ። ለእናቴ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ስቶክሆልም ላደግኩት ለእኔ ደግሞ ክረምት ማለት በረዶ፣ ጓንትና ጨለማ ነው። ስለዚህ ገና ስድስት ወር የቀረኝ መስሎኝ ነበር። ትምህርት በተዘጋ ማግስት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብርድ ልብሴን ስትገፍፈኝ ክው አልኩ።

"እማዬ፣ ክረምት አላልሽም እንዴ?"

"ታዲያ አሁን ምንድን ነው?" አለች ጫማዋን እያጠለቀች።

በመስኮቱ ፀሐይዋ ጥዶቹ ላይ ወጥታ ትታያለች። ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ ነው። እኔ የዋና ልብስ ለብሼ ሐይቅ ዳር የምውል መስሎኝ፣ የማላውቃቸው የውጭ አገር አሮጊት ቤት ተሰጠሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ድንጋጤ ሁሉ ከዚህ የባሰ ነው፤ ይሄ ቀላሉ ነበር።

እናቴ የምትሠራው አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ በሚረዱበት ሥራ ላይ ነው። ቤታችን እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እማማ ዝላታ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ላይ መሬት ቤት። የተዋወቁት ትቬትስቱጋ በምንለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እናቴ ሰዓቷን ሳታስይዝ ልብስ ይዛ ገብታ፣ እሳቸው ሳይቆጡ ግማሹን ማሽን ለቀውላት። እዚህ አገር ሰው ሲጣላ የሚጣላው በልብስ ማጠቢያ ሰዓት ነውና እናቴ ያንን ውለታ እንደ ሥጋ ዝምድና ቆጥራው ነበር። እማማ ዝላታ ስሎቫክ ናቸው። አገራቸው የሶቪየት ታንክ የገባ ጊዜ ነው በወጣትነታቸው ሸሽተው የመጡት። እዚያ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ፤ እዚህም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በማታ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምረዋል።

ከዚያ ክረምት በፊት ከነበረው መስከረም ጀምሮ ግን ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈስሶ ቀኝ እጃቸው ሰንፏል። ንግግራቸውንም ነክቶታል። እናቴ ነገሩን ስታስረዳኝ፣ "ስዊድንኛቸው ጠፋባቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ ግን አለ" ነው ያለችኝ። እኔ ጠፋ ሲባል እንደ ጓንት፣ እንደ ቁልፍ ነው የታየኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሶፋው ሥር፣ የመሳቢያዎቹ ጀርባ፣ የካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሳይቀር ዓይኔን እየወረወርኩ ነው ያሳለፍኩት። ምን እንደምፈልግ ብጠየቅ ምን እንደምመልስ አላውቅም።

እናቴ ከእሳቸው ጋር ስታወራ መስማት ያስቀኝ ነበር። በስዊድንኛ ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው፤ ንጉሥ ካልሆነ በቀር። እናቴ ግን ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ሴት አንቺ ማለት ጉሮሮዋ ላይ ይተናነቃታል። ስለዚህ በስዊድንኛ "እንዴት አደርሽ?" ትልና ወዲያው ዝቅ አድርጋ በአማርኛ "እንዴት አደሩ?" ብላ ትክሰዋለች። እማማ ዝላታ ሁለቱንም በፈገግታ ይቀበላሉ። እማማ የሚለውንም ያወጣችላቸው እሷው ናት። ልጃቸው ኤቫ መጀመሪያ ስትሰማው እናቷን "ማማ" የምትል የማደጎ እህት የመጣችባት መስሏት ዓይኗን አፍጥጣ ነበር።

ኤቫ የምትኖረው ሶለንቱና ነው። እሁድ እሁድ በባቡር ትመጣለች፤ ሁለት ሰዓት ያህል ትቀመጣለች፤ ትሄዳለች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ግን እዚህ የተወለደች ስለሆነች፣ እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በስሎቫክኛ ሲያወሯት እሷ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። እኔ እናቴን እንደማደርጋት ማለት ነው። አሁን በስዊድንኛ ስትጠይቃቸው ከንፈራቸውን ገጥመው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። አንድ እሁድ ኤቫ እኔን ወጥ ቤት ጠርታ፣ "ካንቺ ጋርስ ያወራሉ?" አለችኝ።

"ቀኑን ሙሉ ነው የሚያወሩት" አልኳት።

"በየትኛው ቋንቋ?"

"በራሳቸው።"

ኤቫ ሳህን ይዛ ነበር፤ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። "ሕመሙ አይደለማ፤ እኔን ተቀይመው ነው ማለት ነው" አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አየሁ። እኔም ዜና አብሳሪ በመሆኔ ኮራሁ። የዚያን ቀን አፌን ብይዘው ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ።

እኔ እማማ ዝላታ የሚጠብቁኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስሰማ እናቴና ኤቫ የተስማሙት እኔ እሳቸውን እንድጠብቅ ነው፤ ከወደቁ እንድደውል። እሳቸው ደግሞ ልጅ እንዲጠብቁ የተሰጣቸው መስሏቸው፣ መንገድ እንዳልሻገር እጄን ይዘው ነበር የሚያወጡኝ። ሁለታችንም ኃላፊነት ተሰምቶን በጣም ተከባብረን ነው የዋልነው። ጠዋት ኩሚን ያለበት ዳቦ፣ ቀን ላይ ኩሚን ያለበት የጎመን ሾርባ፣ ከዚያ ደብተር።

ደብተሩን ያወጡት በአራተኛው ቀን ይመስለኛል። አረንጓዴ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ገጹ መሐል ላይ በማስመሪያ ለሁለት የተከፈለ ነው። በስተግራ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል። በስተቀኝ ደግሞ የስሎቫክ ፍቺያቸው፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ላይ ብቻ። ከዚያ በኋላ ግራው ሙሉ፣ ቀኙ ባዶ። ኤቫ እንደነገረችኝ፣ እናቷ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰሞን ሜትሮ ውስጥ አንድ ጎረምሳ "ታንት" ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ታንት ማለት አክስትም አሮጊትም ነው። እሳቸው ቦታውን አልተቀበሉም። ቤት ገብተው፣ ያነበቡትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሁሉ እያገላበጡ አሮጊት ሴት የምትጠራባቸውን ቃላት መልቀም ጀመሩ። መጀመሪያ ግራውን ሞልተው ሊጨርሱ፣ ከዚያ ተረጋግተው ሊተረጉሙ ነበር ሐሳባቸው። ትርጉሙ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ታመሙ።

እኔ ያኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። እሳቸው ደብተሩን ገልጠው ባዶውን ቀኝ በግራ እጃቸው ጣት መታ መታ አደረጉት፤ ከዚያ እርሳሱን ለእኔ ሰጡኝ። ገባኝ። እኔ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ እሳቸው በስሎቫክ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። እጃቸው ነበርኩ።

ንባቤ ጉድ ነበር። ክሮን የሚለውን ሳይ የስዊድን ገንዘብ ክሮኖር መሰለኝና የገንዘብ ዝርዝር ነው ብዬ ደመደምኩ። ስፒንስተርን ሸረሪት አደረግኩት፤ ሸረሪት በስዊድንኛ ስፒንደል ስለሆነ። ኦልድ ባት የሚለውን አሮጌ ጀልባ ብዬ ተረጎምኩት፤ ጀልባም በስዊድንኛ ቦት ነው። እና ለአንድ ሳምንት ያህል እማማ ዝላታ በጀልባ ስለሚነግዱ ሸረሪቶች ታሪክ የሚጽፉ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ፣ ሃግ የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ጽፌ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አሳየኋት። መዝገበ ቃላቱን አገላበጠችና ሳቀች።

"አስቀያሚ ጉማ ማለት ነው" አለችኝ በስዊድንኛ።

"ጉማ ምንድን ነው?"

"አሮጊት ነዋ፣ ጉማን።"

አስተማሪዬ በየቀኑ "ጎበዝ፣ ጉማን" ትለኛለች፤ እኔ የኔ ቆንጆ ማለት ነው ብዬ ስኮራበት ኖሬአለሁ። አሁን ይቺም አሮጊት ብላ ጠራችኝ። መዝገበ ቃላቱን ተቀብዬ ሌሎቹንም ፈለግኩ። ክሮን፣ የከሳች ክፉ አሮጊት። ኦልድ ባት፣ ጀልባ አይደለም፤ ለአሮጊት የሚባል ስድብ ነው። ስፒንስተር፣ ሳታገባ የቀረች። አንድም ጥሩ ነገር አጣሁ። እነዚያ ሁሉ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፉት ቃላት ስድብ ናቸው፤ እኔም ቁጭ ብዬ ጮክ እያልኩ ለአንዲት አሮጊት ፊት ለፊታቸው ሳነብላቸው ነው የሰነበትኩት።

ማታ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ማልቀስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ስለ ጉማን ነገርኳት።

"እኔስ እናቴ፣ እናቴ እያልኩ አይደል የምጠራሽ?" አለች። "ወልደሽኝ ነው?"

እውነቷን ነው። ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ስድቦቹን ነገርኳት። ጆሮዋን ማመን አቃታት። "እሳቸው ናቸው ይሄን የሚያስተምሩሽ? እኚህ ጨዋ ሴትዮ?" አለችና ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ግን እሷም ነገሩ ሳባት መሰለኝ፣ በአማርኛ ስንት እንዳለን መቁጠር ጀመርን።

"አሮጊት" አልኩ።

"ፊት ለፊት አይባልም።"

"ባልቴት?"

"ባልቴትማ ክብር ነው። ድግስ ሲደገስ ወጡን የሚያስተካክሉት፣ ጠጁን የሚጥሉት እነሱ ናቸው።"

"ወንድ ሲያረጅ ሽማግሌ ይባላል፤ የተጣላ ያስታርቃል። ሴትስ ስታረጅ ሽማግሌ ሆና ታስታርቃለች?"

"ሴት ስታረጅ እማማ ትባላለች፣ በቃ" አለች እናቴ ልብሷን ለመቀየር ተነሥታ።

በማግስቱ ለእማማ ዝላታ ቃላቱን ላለማንበብ ሞከርኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ሃግ ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ፊታቸው ላይ ምንም ሀፍረት የለም። አነበብኩላቸው። ጣሪያውን አዩ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ ከዚያ በእርግጠኛ ድምፅ "ሊዢጻ" አሉ። ጻፍኩት። ደብተሩን ወደ ራሳቸው አዙረው አዩና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ለስፒንስተር "ኦክኖ"። ለክሮን "ሙካ"። አንዳንዱ ቃል ለመምጣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሲመጣ ግን ያልባቸውና ሾርባ እንደጠጣ ሰው ደስ ይላቸዋል። ገጽ በጨረስን ቁጥር ጥጉ ላይ ወርቃማ ኮከብ እለጥፋለሁ።

ቃላቱን በቃሌ አጠናኋቸው። ደረጃ ላይ ስለማቆመው ብስክሌቴ የምትቆጣኝን ጎረቤት በሆዴ ሊዢጻ እላታለሁ። ግራኒ ለሚለው የነገሩኝ ቃል ደግሞ "ህሩሽካ" ነበር፤ ግራኒ ከሁሉም ደግ ደጉ ስለሆነ፣ ማታ ስወጣ "ደህና ይደሩ፣ ህሩሽካ" ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያልኳቸው ቀን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በስሎቫክኛ የመጀመሪያዬን የፍቅር ቃል የተናገርኩ መስሎኝ በደረጃው እየዘለልኩ ወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ደብዳቤ መጣ። ከኮሙኑ፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የእማማ ዝላታን ጉዳይ የያዘችው ሴት ልታያቸው ትመጣለች። ኤቫና እናቴ ወጥ ቤት ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። በራሳቸው ቋንቋ መነጋገር ከቻሉ፣ ስሎቫክኛ የምትችል ረዳት ትፈለግላቸዋለች፤ እቤታቸው ይቀራሉ። ካልቻሉ ብቻቸውን ሊኖሩ አይችሉምና ቡኤንዴ፣ የአረጋውያን ማረፊያ፣ ይገባሉ።

"እንዲያውም ረዳት ይሰጣቸው ብዬ ያመለከትኩት ልጅሽ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ ስላለችኝ ነው" አለች ኤቫ።

እማማ ዝላታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቡኤንዴ የሚለው ቃል ሳይጠፋቸው የቀረ ስዊድንኛ ነው መሰለኝ። "ኒዬ" አሉ። በስሎቫክኛ አይደለም ማለት እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። ሄደው የውጭውን በር ከውስጥ ቆለፉ፤ ቁልፉንም ጉርዳቸው ኪስ ከተቱት። ኤቫ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ለመነቻቸው።

እኔ ምንም አልፈራሁም። ማስረጃ አለኝ። ዘጠና ሁለት ቃል፣ አሥራ አንድ ኮከብ።

ሴትዮዋ የመጣችው ረቡዕ ቀን ነው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በሰማያዊ ካልሲ ገባች። ረጋ ያለች፣ ለስላሳ ሴት ነበረች። እናቴ ከሥራ አንድ ሰዓት አስፈቅዳ ከነሥራ ልብሷ መጥታለች። ሴትዮዋ ቀኑ ምን እንደሆነ፣ ጠዋት ምን እንደበሉ ትጠይቃለች፤ ኤቫ በተኮላተፈ ስሎቫክኛ ታስተላልፋለች። እማማ ዝላታ አንዴ ኤቫን፣ አንዴ የሴትዮዋን እስክሪብቶ እያዩ ዝም አሉ። እስክሪብቶው ጻፈ። እንደገና ጠየቀች። ዝም። እንደገና ጻፈ። ኤቫ አንገቷ ቀላ።

አላስቻለኝም። ከመሳቢያው ደብተሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ከእኔ ጋር ይናገራሉ። ዘጠና ሁለት ቃል ተርጉመዋል" አልኩ።

"ቤዚዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ" አለች እናቴ በአማርኛ።

ሴትዮዋ ግን "እስቲ ልየው" አለች። ኤቫ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች፣ በእናቷ እጅ የተጻፉትን፣ አየች። "ልክ ነው" አለች። "ሁሉም ልክ ነው።" ከዚያ እኔ ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ።

"ሃግ።"

"ሊዢጻ" አሉ እማማ ዝላታ ወዲያው። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ሴትዮዋ ከመጣች ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ስፒንስተር።"

"ኦክኖ።"

"ግራኒ።"

"ህሩሽካ" አሉና ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። አሸንፈናል ብዬ ወደ ኤቫ ዞርኩ። ኤቫ ጭብጨባ ላይ አልነበረችም። ፊቷ አመድ መስሏል። ደብተሩን ከእጄ ወሰደች፤ ጣቷን በቀኙ ዓምድ ላይ ከላይ ወደ ታች እየጎተተች ገጽ ገለጠች፣ ሌላ ገጽ ገለጠች።

"ልክ ናቸው?" አለች ሴትዮዋ።

ልትዋሽ ትችል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ስሎቫክኛ የሚያነብ የለም። እንዳሰበችበት ዛሬ አምናለሁ፤ ብዙ ቆይታለችና። እናቷ ደግሞ ትከሻቸውን ቀጥ አድርገው፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ መስለው ያዩዋታል።

"ማንኪያ" አለች ኤቫ በስዊድንኛ። "መስኮት። ዱቄት። ህሩሽካ የሚበላ ፍሬ ነው፣ ፔር። ጨው። የጫማ ክር። በረዶ።" ቆመች። "አንዱም አሮጊት ማለት አይደለም።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መጀመሪያ ኤቫ የተሳሳተች መሰለኝ፤ እዚህ የተወለደች፣ ቋንቋውን በደንብ የማታውቅ። ከዚያ ኮከቦቼን አየሁ። ክረምቱን ሙሉ ማንኪያና ዱቄት በንጹሕ ጽሕፈት ገልብጬ፣ በወርቅ ኮከብ አትሜ፣ ዛሬ ደግሞ በገዛ እጄ አምጥቼ ከእስክሪብቶው ፊት አስቀምጫለሁ። ዝም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ዝምታቸው ኩራት ነው ሊባል ይችል ነበር። ኤቫም እንደዚያ ነበር ያመነችው። እኔ ነኝ አፋቸውን የከፈትኩት።

ሴትዮዋ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?"

ኦልድ ውማን ከሚለው አጠገብ ነው። ከሁሉም ቀላሉ ቃል፣ አሮጊት ሴት።

"እሱን አልነገሩኝም" አልኩ። "ሲጠየቁ ‘ያ’ ብቻ ነው የሚሉት። አዎ፣ ግን ቃሉ ምንድን ነው ስላቸው፣ ደረታቸውን ይዘው እንደገና ‘ያ’ ይላሉ። ስለታከተኝ ዘለልኩት።"

ያ በስዊድንኛ አዎ ማለት ነው። ኤቫ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"በስሎቫክኛ ያ ማለት እኔ ማለት ነው" አለች።

እስክሪብቶው ቆመ። ከዘጠና ሦስቱ አንዱን በትክክል መልሰዋል፤ እሱን ብቻ ነው ያልጻፍኩት። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይቻለሁ፤ ይሁንና አንድ ቃል ቤት አያስጠብቅም። ወረቀቷ ላይ ጻፈች። እማማ ዝላታ ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ፊት እያዩ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባቸው። ደብተሩን በግራ እጃቸው ወደ እኔ ገፉትና ቀጣዩ መስመር ላይ ጣታቸውን አደረጉ። እንድቀጥል ነው። ገና ብዙ ቃል አላቸው። እኔ ግን ማንበብ አልቻልኩም፤ እናቴ ሥር ገብቼ የሥራ ልብሷ ላይ ፊቴን ደበቅኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው ቤት አልገባሁም። ትምህርት እስኪከፈት የቀረውን ቀን እናቴ ከሥራ ባልደረባዋ ልጆች ጋር አዋለችኝ። "አንቺ ምን አጠፋሽ? ልጅ ነሽ፤ በዚያ ላይ እውነቱ መታወቅ ነበረበት" እያለች ብዙ ለፋችብኝ። እኔ ግን እማማ ዝላታ ያፈሩት በእኔ ምክንያት ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ሾርባቸው በደረጃው ሲሸት ትንፋሼን ይዤ እሮጣለሁ።

ውሳኔው መጣ። መስከረም ላይ አንድ ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት ከተመለስኩ በኋላ፣ ኤቫ መኪና ይዛ መጣች። እናቴ ሻንጣ ልታግዝ ስትወርድ በሩ ላይ ቆማ፣ "ነይ ውረጂና ተሰናበቺያቸው" አለችኝ።

"የቤት ሥራ አለብኝ" አልኳት በስዊድንኛ።

ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። እማማ ዝላታ ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል። ኤቫ የመኪናውን በር ከፍታ ትጠብቃቸዋለች። እሳቸው ግን አልገቡም። ወደ ሕንፃው ዞረው በግራ እጃቸው ጣት ፎቆቹን ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ። ሦስት ላይ ሲደርሱ ቀና አሉና በሙሉ ድምፃቸው አንድ ቃል ጮኹ። ጠበቁ። እንደገና ያንኑ ቃል ጮኹ። ከመስኮቱ ሸሽቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ቃሉን እንደሰማሁት መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ሽትቭርቶክ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የስሎቫክኛ መዝገበ ቃላት ነበራቸው፤ ክረምቱን ሙሉ የእንግሊዝኛውን ሳገላብጥ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሳቸውን ማረም በሐሳቤም መጥቶ ስለማያውቅ ከፍቼው አላውቅም። ሽትቭርቶክ ማለት ሐሙስ ማለት ነው። የሄዱት ማክሰኞ ነው። ቀኑን ግን እየነገሩኝ አልነበረም። ስሜን ነበር የሚጠሩት፤ ሁለት ጊዜ ጠሩኝ፣ እኔ ግን አልወረድኩም።